ሩብ ሚሊሜትር ያጣላን ቀለበት፦ ስለ ቴሌስኮፕ ካሜራ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲና ስለ ቶርኖ ቤት

ጣና_ማታ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ባህር ዳር ነው ያለሁት። በፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው። የት እንደምማር ይለፈኝ፤ ስም ማንሳት አልፈልግም። ላብራቶሪያችን ውስጥ አንዲት ትንሽ ቴሌስኮፕ አለች። ዘንድሮ ካሜራ ተገኘላት። ሁለቱን የምታያይዝ አንዲት የአሉሚኒየም ቀለበት ግን ጠፋች። ከውጭ እንዳናስመጣ የውጭ ምንዛሪ የለም። «በቃ እዚሁ ትሠራ» ተባለ። ደስ አለኝ።

ደስታዬ ግዥ ክፍል እስክደርስ ነበር። ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ተባልኩ። ቀለበቷን መሥራት የሚችሉት ትንንሽ ቶርኖ ቤቶች የቫት ደረሰኝ የላቸውም። ደረሰኝ ያለው ትልቁ ድርጅት ደግሞ «አንድ ቀለበት? መቶ ስትሆን ና» አለኝ። በዚህ መሀል አራት ወር ሄደ። ኮሪደራችን ላይ «የዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪ ትስስር» የሚል ባነር ተሰቅሏል። በየቀኑ ሥሩ አልፋለሁ።

በመጨረሻ ከኪሴ ከፍዬ አሠራኋት። ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የኔ ነው። ሰፈራችን ካለ ፎቶ ቤት አሮጌ የዜኒት ካሜራ ሌንስ ተውሼ ለናሙና ወሰድኩ። ስለካው 42 ሚሊሜትር ነው። የኛም ካሜራ አፉ 42 ነው። ቶርኖ ሠሪው «ጥርሱስ ያው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ፣ ያው ነው» አልኩት። በምን እንዳወቅሁ እግዜር ይወቀው።

ቀለበቷ ስታምር! እየዞረች ገባችና አንድ ዙር ላይ ያዘች። ትንሽ ጫን አልኳት። ክርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። የካሜራው ጥርስ ተበላ። ማታ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ፣ የዜኒት ሌንስ በጥርስና በጥርስ መሀል ያለው ርቀት 1 ሚሊሜትር ነው። የኛ ካሜራ 0.75። ሩብ ሚሊሜትር!

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ጀምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ ማንበብ ጀመርኩ። ዋናዋ ካሜራ፣ ኒርካም የምትባለው፣ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲና የሎክሂድ ማርቲን የጋራ ሥራ ናት። ዩኒቨርሲቲው ያለው ቱሳን ከተማ ነው። ካሜራዋ የተሠራችው ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ነው። ጥያቄዬ ይኸው ነው። እነሱ በብሎን እንዴት ተግባቡ? ትስስር የሚባለው ነገር እነሱ ጋ ምን ይመስላል? ከባነሩ ውጭ ማለቴ ነው።

ሮንዴላ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡52

«መቶ ስትሆን ና»! ሃሃሃ። ከዚህ በኋላ ሰው ለሠርግ ሲጠራኝ የምመልሰው ይህንን ነው።

ዘንባባ_ሥር | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡05

ወንድሜ፣ እንዳትከፋብኝ። ጣና በእምቦጭ ታፍኖ፣ ዳቦ በዚህ ዋጋ እየተሸጠ፣ ስለ ጀምስ ዌብ ማውራት ምን ይባላል? 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀ ነገር ነው። ዲግሪህን ጨርስና ሥራ ፈልግ።

ከሩቅ_ያለሁ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ጣና_ማታ፣ ጥያቄህ አላስተኛኝም። ያደግሁት ባህር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። አሁን ውጭ አገር የሳተላይት ዕቃ ፍተሻ ላይ እሠራለሁ። ዌብ ላይ አልሠራሁም። አሠራሩ ግን ከኛው ጋር አንድ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ። እነሱ ጋ ዩኒቨርሲቲው ደንበኛ አይደለም፣ ፋብሪካውም ባለሱቅ አይደለም። የኒርካም ኃላፊ ፕሮፌሰር ማርሻ ሪኪ ነበረች፣ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ መምህርት። ካሜራዋ ምን ማየት አለባት፣ ስንት ብርሃን መጥፋት ይችላል፣ ከየትኛው የሞገድ ርዝመት እስከ የትኛው (ከ0.6 እስከ 5 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሚለው የእሷና የቡድኗ ነው። ሌንሱ በምን ይያዝ፣ ብረቱ ምን ይሁን፣ ስንት ዲግሪ ላይ ይፈተን የሚለው የፋብሪካው መሐንዲሶች ነው። ብርሃኑን የሚቀበሉትን 10 መቀበያዎች ደግሞ ሌላ ድርጅት፣ ቴሌዳይን ሠራቸው። እያንዳንዳቸው 4 ሚሊዮን ነጥብ ገደማ ናቸው። በጨዋታ መሀል፦ የማርሻ ባል ጆርጅ ሪኪም ያው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሚሪ በምትባለው በሌላዋ መሣሪያ ላይ በአሜሪካ በኩል የሳይንስ መሪ ነበር። እራት ላይ ምን እንደሚያወሩ መገመት አያቅትም።

በእነዚህ ሁሉ መሀል አንድ ወረቀት አለ። ኢንተርፌስ ኮንትሮል ዶክዩመንት ይሉታል፣ በአጭሩ አይ ሲ ዲ። ያንተ ዕቃና የኔ ዕቃ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለው ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ይሰፍራል። ቀዳዳው የት ነው፣ ብሎኑ ስንት ነው፣ ጥርሱ ስንት ነው፣ በምን ያህል ኃይል ይጠበቅ፣ ስንት ዋት ሙቀት ያልፋል፣ የትኛው ሽቦ ከየትኛው ጋር ነው። ሁለቱም ወገን ይፈርሙበታል። ከዚያ በኋላ አንዱ ብቻውን ሊቀይረው አይችልም። አንተ «ያው ነው» ያልክበት ቦታ እነሱ ጋ ይህ ወረቀት ነው የሚመልሰው።

ኤም ኦ ዩ (የመግባቢያ ሰነድ) እነሱም ይፈርማሉ። ማንም አያነበውም። አይ ሲ ዲው ግን ጥግ ጥጉ ተጣጥፎ፣ በእስክርቢቶ ተሞነጫጭሮ፣ ቡና ፈስሶበት ታገኘዋለህ።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ሚሪን ከአሥር የአውሮፓ አገሮች የተውጣጡ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የምርምር ተቋማትና ድርጅቶች ከናሳ ጋር ሆነው ሠሯት። በአውሮፓ በኩል የመራቻት ኤድንብራ ያለችው ጊሊያን ራይት ናት። ሚሪ ናሳ የደረሰችው በግንቦት 2012 እ.ኤ.አ. ነው። ቴሌስኮፑ የተወነጨፈው ታኅሣሥ 25 ቀን 2021 ነው፣ በኛ ታኅሣሥ 16 ቀን 2014። ከዘጠኝ ዓመት በላይ በፍተሻ ላይ ቆየች ማለት ነው። ምድር ላይ ሆና አሁንም ልትታረም ትችል ነበር። ከተወነጨፈች በኋላ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። እዚያ ካቻቢቴ ይዞ የሚሄድ የለም።

ጋሼ_ቶርኖ | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

(ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ ስህተቱ የሷ ነው።)

ልጄ፣ ቶርኖ ሠሪውን አትውቀስ። ጥርሱን ጠይቆሃል። ግን እሱም አጥፍቷል። ሰው «ያው ነው» ሲል የሚያምን ቶርኖ ሠሪ ገና አልተቃጠለም።

ጥርስ እንዲህ ነው የሚለካው። መለኪያ ማበጠሪያ አለ፣ ምላጭ ምላጭ የሚመስል። ትገጥመዋለህ፣ በጥርሶቹ መሀል ብርሃን ካላለፈ ልኩ ነው። እሱ ከሌለ ነጭ ወረቀት በጥርሱ ላይ ጠቅልለህ በእርሳስ ጎን ፈግፈግ አድርገው። መስመሮቹ ወረቀቱ ላይ ይወጣሉ። ከዚያ አሥር ክፍተት ቆጥረህ በካሊፐር ለካ። 10 ሚሊሜትር ከመጣ የዜኒትህ ነው። 7 ተኩል ከመጣ የካሜራህ ነው። አንዱን ብቻ ከለካህ ትሳሳታለህ፣ አሥሩን ከለካህ አትሳሳትም። የካሜራህ ጥርስ ደግሞ ውስጡ ነው፣ ወረቀት አይገባም። ስለዚህ የካሜራውን ወረቀት አምጣ፣ ከፋብሪካ የመጣውን። እዚያ ላይ ተጽፏል።

እኔ ሥራ የተማርኩት ፖሊ ቴክኒክ ነው፣ በድሮው ጊዜ። ሩሲያዎቹ የሠሩት ቤት ነው፣ በ1955 ዓ.ም.። መምህራችን ንድፍ ሳናመጣ ብረት አያስነካንም ነበር። «መጀመሪያ በወረቀት አበላሽ» ይል ነበር።

የተበላውንም ካሜራ አምጣው። ሦስት ጥርስ ከቀረው ይድናል።

ጣና_ማታ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ። ንድፍ ይዤ።

ከሩቅ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። እነሱ ተሳስተው አያውቁም?

ሸማኔዋ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ከሩቅ እስኪመጣ እኔ ልግባ። ጨርቃ ጨርቅ ነው የተማርኩት። ባህር ዳር ስለ ኢንዱስትሪ ሲወራ ሁሉም ሰው ብረት ብረት ይላል። የዚህ ከተማ የመጀመሪያው ትልቅ ፋብሪካ ግን ጨርቃ ጨርቅ ነው፣ ከጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው።

ጀምስ ዌብን ከፀሐይ የሚጋርደውን አይታችኋል? አምስት ንብርብር ነው፣ የሜዳ ቴኒስ ሜዳ ያህላል። ያልተሸመነ ነው፣ ካፕቶን የሚባል ስስ ፕላስቲክ። ፀሐይን የሚያየው የመጀመሪያው ንብርብር 0.05 ሚሊሜትር ነው፣ የቀሩት አራቱ 0.025። ላዩ አሉሚኒየም ተቀብቷል። በፀሐይ በኩል ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። በሌላው በኩል ከዜሮ በታች 230 ዲግሪ አካባቢ ነው።

እኔን የገረመኝ ሙቀቱ አይደለም። ቢቀደድስ? የሚለው ነው። በየተወሰነ ርቀት ተጣብቆ በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ተከፋፍሏል። የድንኳን ጨርቅ ላይ ወፈር ያለ ክር በየመሀሉ እንደምናስገባው ማለት ነው። ትንሽ ጠጠር ከጠፈር መጥታ ብትበሳው ቅዱ ያቺን አራት ማዕዘን አያልፍም። ይህ የሸማኔ ሐሳብ ነው! ደግሞ ምድር ላይ ሲሞከር ተቀዷል፣ በ2017 እ.ኤ.አ.። ጠግነው፣ መልሰው ዘርግተው፣ መልሰው አጥፈው ነው የላኩት። ማጠፉ ራሱ አንድ ሥራ ነው። ታጥፎ የያዙት 107 ማሰሪያዎች አንድ ሳይቀሩ መፈታት ነበረባቸው። ሁሉም ተፈቱ።

ስለዚህ «ኢንዱስትሪ» ስትሉ እኛንም ጥሩን።

ፋይናንስ_ነኝ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡44

ሁልጊዜ የምንሰደበው እኛ ስለሆንን አንድ ቃል። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ብፈቅድ፣ ኦዲተር ሲመጣ ቴሌስኮፕ ነው፣ ቀለበት ነው አይለኝም። «ማስረጃ» ነው የሚለኝ። ከደሞዜ ነው የሚቆረጠው። ልጁ አራት ወር የጠበቀው እኔ ክፉ ስለሆንኩ አይደለም። ደንቡ የተጻፈው ወንበርና ወረቀት ለመግዛት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የምትሠራ፣ ዋጋዋ ከመሠራቷ በፊት የማይታወቅ ዕቃ ለመግዛት አልተጻፈም። ሦስት ፕሮፎርማ ለማትታወቅ ዕቃ ከየት ይመጣል? ይህን ለአለቆቼ ብናገር ደስ ይለኝ ነበር። አልተናገርኩም።

ሮንዴላ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ፋይናንስ ሲያለቅስ አየሁ። ዛሬ ምን ጉድ ነው።

ከሩቅ_ያለሁ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡50

«ተሳስተው አያውቁም?» ላልከው ጥያቄ፦ ያንተ ታሪክ ታላቅ ወንድም አለው። ሮንዴላ፣ አንተም ውስጡ አለህበት።

ሐብል የሚባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ የተወነጨፈው በሚያዝያ 1990 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ደብዘዝ ብለው መጡ። ዋናው መስተዋት ስፋቱ 2.4 ሜትር ነው። ጠርዙ ላይ ከሚገባው በላይ 2.2 ማይክሮን ዝቅ ብሎ ተሞርዷል። የፀጉር ውፍረት አንድ ሃምሳኛ ያህል ነው። የሚገርመው መስተዋቱ በጣም በጥንቃቄ የተሠራ ነው። በጥንቃቄ ተሳሳተ።

ጥፋቱ መለኪያው ላይ ነበር። መስተዋቱን የሚፈትን አንድ መሣሪያ ነበራቸው። ውስጡ ያለችው ሌንስ የምትቀመጥበትን ቦታ በአንድ ዘንግ ይለካሉ። የዘንጉ ጫፍ ላይ ቆብ አለ፣ ጨረሩ እንዳይመለስበት በጥቁር ቀለም የተቀባ። መሀሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ጨረሩ በቀዳዳዋ ገብቶ ከዘንጉ ጫፍ መመለስ ነበረበት። ከቆቡ ላይ ግን ጥቂት ቀለም ተላጠ። ጨረሩ ከቆቡ ተመለሰ። ልዩነቱ 1.3 ሚሊሜትር ሆነ። ሌንሷን በተሳሳተው ልክ ለማስቀመጥ ሲሞክሩ አልደርስ አለች። ምን አደረጉ? ሮንዴላ አስገቡበት። ተራ ሮንዴላ።

ከዚህ በላይ የሚያሳዝነው ይህ ነው። ሌሎች ሁለት መፈተኛዎች ስህተቱን አሳይተዋል። «እነዚህ እንደ ዋናው ትክክል አይደሉም» ተብለው ተተዉ። ሥራው ዘግይቷል፣ ገንዘብ አልቋል፣ ፋብሪካው ውስጥ ያለው ሰው የሚያየውን ሳይንቲስቱ አያይም። ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 1993፣ ጠፈርተኞች ሄደው ማረሚያ መስተዋት አስገቡለት። መነጽር አደረጉለት በለው።

ዌብ ላይም አልቀረላቸውም። በ2018 እ.ኤ.አ. የድምፅ ፍተሻ ተደርጎ ሲያልቅ ሥሩ ብሎንና ሮንዴላ ወድቆ ተገኘ። ከፀሐይ መከላከያው ሽፋን የወለቀ ነው። እንደገና ፍለጋ፣ እንደገና ጥበቃ። ግን ምድር ላይ ነው የወደቀው። ፍተሻ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ለጋሼ ቶርኖ አንድ ነገር፦ ኒርካም የምትሠራው ከዜሮ በታች 233 ዲግሪ አካባቢ ነው። የዚህ ልጅ የአሉሚኒየም ቀለበት እዚያ ብትገባ 0.17 ሚሊሜትር ያህል ትጠባ ነበር። ስለዚህ የካሜራዋን ገበታ ቤሪሊየም ከሚባል ብረት ሠሩት፣ ብዙ አይጠባም። የዋናው መስተዋት 18 ቁራጮችም ቤሪሊየም ናቸው። በብርድ ምን ያህል እንደሚጣመሙ ለክተው፣ በክፍል ሙቀት ሆን ብለው አጣመው ሞረዷቸው። ሲበርዳቸው እንዲቃኑ።

ጋሼ_ቶርኖ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

አጣሞ ማቃናት! ይህን ልጄ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። እኛም ብየዳ ላይ እንዲሁ ነው። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ወደ የት እንደሚጎትት ታውቃለህ። አስቀድመህ ወደ ሌላው ታጋድለዋለህ።

ያ በሮንዴላ የሞላው ሰው ግን መቆም ነበረበት። አልደርስ ያለ ነገር እየነገረህ ነው።

የቅኔ_ቤት_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05

እኔ ከሳይንስ ሩቅ ነኝ። ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት ነው ያደግሁት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዋሸራ የሚባል የሕዋና የራዳር ላብራቶሪ እንዳለ ስሰማ ሳቄ መጣ። ለኛ ዋሸራ ማለት ቅኔ ነው።

ከሩቅ ያለው ወንድማችን የሚለውን ነገር እኛ ነገራ እንለዋለን። ተማሪው ጥጉን ይዞ ቅኔውን ይቆጥራል። ከዚያ መጥቶ በጓደኞቹ ፊት ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያዳምጣል። ቤት ካልመታ፣ ምሥጢሩ ካልገጠመ፣ እዚያው ያርመዋል። ማንም ሳይታረም ቅኔውን ይዞ ቤተ ክርስቲያን አይቆምም። አይከፋም እኮ። ያልታረመ ነው የሚያፍረው።

እናንተ ጋ ግን ቶርኖ ሠሪው ፕሮፌሰሩን ማረም ይችላል ወይ?

ከሩቅ_ያለሁ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ይችላል። መቻል አለበት። እኛ መሥሪያ ቤት ብሎን የሚያጠብቀው ቴክኒሻን «አልገባም» ካለ ሥራው ይቆማል። ዶክተሩም፣ ሥራ አስኪያጁም መጥተው ያያሉ። ነገራ! ቃሉን ወሰድኩት።

ዘንባባ_ሥር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡15

እሺ፣ ታሪኩ ደስ ይላል። እምቦጩስ?

ሸማኔዋ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡40

እምቦጩን ከላይ የምታየው በምን ይመስልሃል? ለምለም ቅጠል ዓይን ከሚያየው ብርሃን ቀጥሎ ያለውን ኢንፍራሬድ የሚባል ብርሃን አጥብቆ ይመልሳል፣ ውኃ ይውጠዋል። በዚያ ብርሃን ሲታይ ጣና ጥቁር ነው፣ እምቦጩ ደማቅ። ኒርካም የምታየው ብርሃንም የሚጀምረው እዚያው አካባቢ ነው። አገራችን በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ከቻይና ያስወነጨፈቻት 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ሳተላይት ሥራዋ ምድርን ማየት ነበር። እንዲህ ያለ ካሜራ የሚገጥም፣ የሚለካ፣ የሚጠግን እጅ ባህር ዳር ውስጥ ቢኖር አንተም ትጠቀማለህ።

ዘንባባ_ሥር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡58

ይህንን አላውቅም ነበር። የዳቦው ጥያቄዬ ግን አልተነሣም።

ጣና_ማታ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡50

ሪፖርት። ትናንት ጋሼ ጋ ሄድኩ። ንድፍ ይዤ፣ በሁለት ኮፒ። የካሜራውንም ወረቀት ይዤ። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ንድፉን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በእርሳስ ሁለት ቦታ ከበቡ። ቀለበቷ ምን ያህል ጥልቀት ድረስ እንደምትገባ አልጻፍኩም ነበር። «ብትነካውስ? ውስጥ መስተዋት የለም?» አሉኝ። አለ። መቀበያው ላይ ያለው መስተዋት ከጥርሱ ጫፍ ብዙ አይርቅም። እዚያው ቁጭ ብዬ አስተካከልኩ። ሁለታችንም ፈረምን። በቀልድ ነው የጀመርነው፣ ግን ፈረምን።

የተበላውን የካሜራ ጥርስ በቀጭን ሞረድ፣ እንደ ጥርስ ሐኪም ጎንበስ ብለው አጸዱት። ሦስት ተኩል ጥርስ ቀረ። አዲሷ ቀለበት በጣት ብቻ እየዞረች ገባችና ቆመች። ምንም ድምፅ የለም።

ሰማዩ ደመና ነው፣ ሰኔ ገብቷል። ስለዚህ ቴሌስኮፗን ወደ ጣና አዞርናት። ፎቶው ይኸው። ታንኳ ነው። የቀዛፊው ባርኔጣ ጠርዝ ላይ ያለው ቅድ ይታያል። ትንሽ ይደበዝዛል፣ ፎከሱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ፋይናንስ_ነኝ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡05

እንኳን ደስ አለህ። ደረሰኙስ?

ጣና_ማታ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡07

ከኪሴ ነው።

ጋሼ_ቶርኖ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡30

ያ የፈረምንበት አንዱ ኮፒ እኔ ጋ ነው፣ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ጥልቀቱን ብትቀይር መጥተህ እዚያም ላይ ቀይር።